ሰባት ቤት ሲቆጠር የማንን ዘር ልቁጠር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ወላጅ አባቴ ሳልወለድ ሞተ፤ እናቴም በሦስት ዓመቴ አረፈች። ያሳደጉኝ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የምጠራውም በአሳዳጊ አባቴ ስም ነው። የአባቴን የለቅሶ ድንኳን የተከሉት እሳቸው ናቸው ይባላል። በቅርቡ ሽማግሌ ሲመጣ ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ የተቆጠረው የአሳዳጊ አባቴ ነው። ዝምድና አልተገኘም። የወላጅ አባቴን ግን አላነሳሁም። የእጮኛዬ አያት የቡልጋ ሰው ናቸው፤ አባቴም ከቡልጋ እንደመጣ ሰምቻለሁ። የሌላ ሰው ዘር መቁጠሬ ውሸት ነው? ንስሐ ልግባ?

መልስ፦ ልጄ፣ ከጉባኤ በኋላ ያቀበልሽኝ ወረቀት አሁንም መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለ። በግራ በኩል ሰባት ስም፣ ቁጥር ተሰጥቶት። በቀኝ በኩል አንድ ስም፣ ከሥሩ «ቡልጋ»። ሌላው ባዶ ነው።

«የሌላ ሰው ዘር» ስላልሽው ልጀምር። ይህን ቃል ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም ያናድደኛል። ካልወለደ አባት አይባልም ያለው ማን ነው? ማቴዎስ ወንጌሉን የጀመረው በትውልድ ቆጠራ ነው። ከአብርሃም ተነሥቶ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ ይመጣና ዮሴፍ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ዮሴፍ ጌታን አልወለደማ! «ታዲያ ላልወለደው ሰው ያን ሁሉ አያት ምን አስቆጠረው?» ይሉኛል። እመቤታችንም ከዳዊት ወገን መሆኗን ታውቂያለሽ፤ እሱን ልለፈው። ግን መልአኩ ዮሴፍን «ስሙን ኢየሱስ ትለዋለህ» አለው (ማቴ. 1፥21)። ስም ማውጣት የአባት ወግ ነው። ደግሞ እመቤታችን ልጇን ሦስት ቀን ፈልጋ በቤተ መቅደስ ስታገኘው ምን አለችው? «አባትህና እኔ እየተጨነቅን ስንፈልግህ ነበርን» (ሉቃ. 2፥48)። አሳዳጊህ አላለችም። ልጅ የማን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን አባትህ አለችው። አብሯት ሲጨነቅ የነበረው እሱ ነዋ።

ስለዚህ በአባባ ስም በመጠራትሽ ንስሐ የለብሽም። ስማቸውንም፣ አያቶቻቸውንም ቀና ብለሽ ቁጠሪ። ድሮ ማደጎ ሲያዝ ጣት ማር ነክሮ ልጁን ማጥባት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የጡት ልጅ ነው፣ አለቀ። ፍትሐ ነገሥቱም በማደጎ የመጣን ዝምድና ከጋብቻ ከልካዮች ይቆጥረዋል። የግራው ረድፍ በከንቱ አልተቆጠረም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልቆጣሽ።

ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለክብር አይደለም፣ ለውርስም አይደለም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ሥጋችሁ ይገናኛል ወይ? ይህን ማደጎ አይለውጠውም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እንኳ ጉዲፈቻ ልጁን ከወላጅ ቤተሰቡ አይቆርጠውም ይላል። አስቴርን ተመልከቻት። መርዶክዮስ እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋት። ወደ ንጉሡ የምትገባበት ተራ ሲደርስ ግን መጽሐፉ «የአቢካኢል ልጅ» ብሎ የወላጇን ስም ያነሣል (አስ. 2፥15)። «አስቴርስ ወገኗን ደብቃ የለ?» እንዳትይኝ። እሷን መርዶክዮስ አዟት ነው። አንቺን ማን አዘዘሽ?

ቡልጋ ሰፊ አገር ነው፤ ምናልባት ምንም አይገኝ ይሆናል። ግን «ምናልባት» ብሎ ሰባት ቤት አይቆጠርም። ከሽማግሌዎቹ በፊት ለእጮኛሽ ንገሪው። ዛሬ ማታ ንገሪው። ዝም ማለትሽን ለንስሐ አባትሽ ትናገሪያለሽ፤ ለእጮኛሽ ሳትነግሪ ግን እኔ ጋ ብትመላለሺ ዋጋ የለውም።

አባባ ይከፋቸዋል ብለሽ ፈርተሻል መሰለኝ። ይህንም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አሳዳጊ እንዳይከፋ እየተባለ የሟች ስም ቤት ውስጥ ሳይነሣ ሃያ ዓመት ያልፋል። ልጄ፣ እሳቸው እኮ የአባትሽን ድንኳን የተከሉ ሰው ናቸው። ያን ስም ካንቺ በፊት ያውቁታል፣ አልቅሰውለታል።

ሠፈሩ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ መበተኑን አውቃለሁ፤ የሚጠየቅ ሰው የለም ብለሽ ይሆናል። አባባ አሉ አይደል? ቡና አፍልተሽ፣ እማማም ባሉበት፣ ወረቀቱን ይዘሽ ተቀመጪ። ስም በመጠየቅ አትጀምሪ፤ ስም ቶሎ አይመጣላቸውም። የዚያን ቀን ከቡልጋ ማን መጣ በያቸው። ድንኳኑ ውስጥ ደረቱን እየመታ የገባው፣ «ወንድሜ» ያለው ማን ነበር? ከእሱ ትጀምሪያለሽ።