ዝናቡን ነው ወይስ ኒሙን የለካኸው?

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ከግብርና ኮሌጅ ወጥታችሁ አትክልት ላይ ለምትሠሩ ነው። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነው። ጡረታ ወጥቼም አልተውኩትም። ባለቤቴ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆሜ የአንገቱን ውፍረት አያለሁ። «ለወጥ ነው እንጂ ለሪፖርት አይደለም» ትለኛለች።

ከስህተቴ ልጀምር። ገና ጀማሪ ሳለሁ መቂ አካባቢ በአንድ አባወራ ማሳ ላይ የኒም ዛፍ ፍሬ ለተባይ ማጥፊያነት ሞከርኩ። የትሪፕስ ወቅት ነበር። ትሪፕስ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ተባይ ናት። ቅጠሎቹ የሚገናኙበት አንገት ውስጥ ትደበቃለች። ቅጠሉን እየፋቀች ትመጠዋለች፤ መጀመሪያ እንደ ብር ያብለጨልጫል፣ ከዚያ ይደርቃል። ሙቀትና ደረቅ አየር ይመቻታል። እኔም ፍሬውን ወቅጬ፣ ውሃ ውስጥ አሳድሬ፣ አጥልዬ ማሳውን በሙሉ ረጨሁት። በሳምንቱ ትሪፕሷ የለችም። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ገበሬ ሰብስቤ «ከእንግዲህ ኬሚካል ቀረ» ብዬ ተናገርኩ።

በዓመቱ ሰውዬው እኔን አምነው ኒም ብቻ ረጩ። ማሳው እሳት የገባበት መሰለ። ልጠይቃቸው ስሄድ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ቡና አስፈሉልኝና፣ «ልጄ፣ አምና አንተ በረጨህ በሦስተኛው ቀን የበልግ ዝናብ ጥሎ ነበር። ለመሆኑ ዝናቡን ነው ወይስ ኒሙን የለካኸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከባድ ዝናብ ትሪፕስን ከቅጠሉ ላይ አጥቦ ይጥላል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። ግን ማሳው ውስጥ አንዲትም ያልተረጨች መደብ አልተውኩም። ዝናቡ የሁሉንም ትሪፕስ አጥቦ ቢሆን ኖሮ የማውቀው በእሷ ነበር።

ስለዚህ ሙከራ ስታወጡ ያልተረጨው መደብ ይኑር። ገበሬው «ለምን ይበላብኛል?» ይላል፤ እውነቱን ነው። የዚያችን መደብ ኪሳራ ከሙከራው በጀት ክፈሉት እንጂ መደቧን አትሰርዙ። ገበሬው ራሱ የሚረጨውን ኬሚካልም በሌላ መደብ አስገቡ። እሱ የሚያወዳድረው ከራሱ መድኃኒት ጋር ነው። ከዚያ ሁሉንም ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አራት ጊዜ ደጋግሙ። ድግግሞሹን ስትደለድሉ ደግሞ ውሃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ቦዩ አፍ ላይ ያለው ሽንኩርት ይጠግባል፣ ጫፍ ላይ ያለው ይጠማል። የተጠማ ሽንኩርት ደግሞ ትሪፕስ ይበረታበታል። ጥሩውን መድኃኒት ሳታስቡት ቦዩ አፍ ላይ ደርድራችሁት ከሆነ የለካችሁት ውሃውን ነው። ስትቆጥሩም ከላይ አይታችሁ አትለፉ። ቁጭ ብላችሁ አንገቱን ፈልቅቁ። ወገብ ያማል፣ አውቃለሁ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የሽንኩርት ቅጠል ቆሞ ነው የሚያድገው፤ ላዩም ሰም አለው። ውሃው እየተንከባለለ መሬት ይወርዳል። ብዙ «አልሠራም» የተባለ መድኃኒት ቅጠሉ ላይ ያልቆየ መድኃኒት ነው። የሚያጣብቅ ነገር ይጨመርበት። ኒም ሲሆን ወደ ማታ ይረጭ፤ ፍሬው ውስጥ ያለውን ተባዩን የሚያጠቃ ንጥረ ነገር፣ አዛዲራክቲንን፣ ፀሐይ ቶሎ ያበላሸዋል። በዚያ ላይ ወዲያው አይገድልም። ገና ያላደጉት የትሪፕስ እጮች ቆዳቸውን ቀይረው እንዳያድጉ ነው የሚያደርገው። በማግስቱ ሬሳ የሚፈልግ ገበሬ «ተታለልኩ» ይላል፤ ቀድማችሁ ንገሩት።

አሁን ወደ ኦርጋኒክ፣ ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል ወደ ማምረቱ ጉዳይ። እናንተ ዘመን ይህ ቃል በዝቷል። ነጋዴው ጠርሙስ ይዞ ይመጣና «ከዕፅዋት የተሠራ ነው፣ ኦርጋኒክ ነው» ይላችኋል። እዚህ ላይ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ ሰው ሁሉ እንደ አንድ ያያቸዋል። ይሠራል ወይ? ይህን የሚመልሰው ማሳው ነው። በአገራችን ተመዝግቧል ወይ? ይህን የሚመልሰው ሕጉ ነው፤ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ከተክል መጣ ተብሎ ብቻ ማንም ዝም ብሎ አይሸጥም። ሦስተኛው፣ ምርቱን የሚገዛው አገር የኦርጋኒክ ደንብ ይፈቅደዋል ወይ? ይህኛው ብዙውን ጊዜ ይረሳል።

ትምባሆን ውሰዱ። የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፎ ተባይ ላይ መርጨት የቆየ ብልሃት ነው። ከተክልም ተክል ነው። ግን የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ የትምባሆ ብናኝን በስም ጠርቶ ይከለክላል፤ ኒኮቲን መርዝ ነውና። ስፒኖሳድ የሚባለው የተባይ መድኃኒት ደግሞ ስሙ ራሱ ፋብሪካ ፋብሪካ ይላል። የሚገኘው ግን ከአፈር ባክቴሪያ ነው። ትሪፕስ ላይ ጎበዝ ነው፤ በአሜሪካም በአውሮፓም የኦርጋኒክ ደንብ ውስጥ ገብቷል። ያም ሆኖ ስፒኖሳድ ያለበት ሁሉ አልተፈቀደም። ማሟሟቻውና ማጣበቂያው ሰው ሠራሽ የሆነ ምርት ሊወድቅ ይችላል። የሚፈቀደው ጠርሙሱ ነው፣ ውስጡ ያለው አንድ ንጥረ ነገር አይደለም። ስለዚህ የንግድ ስሙን ይዛችሁ ጠይቁ። ደግሞ ስፒኖሳድ ሳይደርቅ ንብ ይገድላል። ሽንኩርት ለዘር አብቦ ሳለ በጠዋት የረጨ ሰው አይቻለሁ። አበባው አማረ፣ ዘሩ ግን አልተገኘም።

ምርቱ ቢፈቀድ ማሳው ተፈቀደ ማለት አይደለም። እኛም ሕግ አለን፤ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል። ቡናና ማር የያዙ ማኅበራት በውጭ ሰርተፍኬት ሰጪዎች እየተመረመሩ ኦርጋኒክ ብለው ይሸጣሉ። ለሽንኩርት ግን መንገዱ ወጣ ገባ ነው። በአሜሪካ ደንብ የተከለከለ ነገር ከተረጨ ሦስት ዓመት ያልሞላው መሬት አያልፍም። በአውሮፓ እንደ ሽንኩርት ላለ ሰብል፣ ከመዘራቱ በፊት ሁለት ዓመት የሽግግር ጊዜ ይጠየቃል። አሁን ወደ ስምጥ ሸለቆ ውረዱ። ስንቱ ሽንኩርት አምራች ነው በራሱ መሬት የሚያመርተው? አንዱ ለአንድ ወቅት ይከራያል፤ ሌላው የእኩል ይሠራል፣ መሬቱ የአንዱ፣ ሞተሩና ዘሩ የሌላው። ለአራት ወር የተከራየን ሰው «ሦስት ዓመት ጠብቅ» ብትሉት ይስቅባችኋል። ይስቅ፣ እውነቱን ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ይህን ሳይነግሩ ስልጠና የሚሰጡ ናቸው። «ኦርጋኒክ አምርቱ፣ ዋጋው እጥፍ ነው» ይባላል። ማሳው ዳር የሚቆመው ደላላ ግን የሚያየው የሽንኩርቱን መጠንና ቅላቱን ነው። ምን እንደተረጨ አይጠይቅም፤ አንድ ብርም አይጨምርም። ገዢ በስምምነት ሳይያዝ ለገበሬ የዋጋ ተስፋ አትስጡ። እንደኔ ከሆነ ለብዙዎቹ የሚጠቅመው ሰርተፍኬቱ ሳይሆን ወደዚያ የሚወስደው ግማሽ መንገድ ነው። ሦስት ኬሚካል በአንድ መርጫ ቀላቅሎ በየሳምንቱ የሚረጨው ሰው ተባዩን ቆጥሮ ሲረጭ፣ ወጪው ይቀንሳል፣ የራሱ ልጅም አይታመምም። የኪሱን ነገር ንገሩት፤ ይገባዋል።

ሰርተፍኬቱን የምር የሚፈልግ ቡድን ካገኛችሁ ግን ከደብተር ጀምሩ። መቼ፣ ምን፣ በየትኛው መርጫ። ጎረቤት ትናንት ኬሚካል የረጨበትን የጀርባ መርጫ ተውሶ ኒም መርጨት ልፋትን ሁሉ ያበላሻል። ንፋሱም ከጎረቤት ማሳ ኬሚካል ያመጣል።

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ተመራማሪ ደወለችልኝ። አንድ አስመጪ ባመጣው «ኦርጋኒክ» ምርት ሙከራ ሠርታለች። አራቱም ድግግሞሽ ላይ ካልተረጨው መደብ አልበለጠም። «ጋሼ፣ የአስመጪው ሰዎች ከርረውብኛል፣ በለሰለሰ ቃል ልጻፈው?» አለችኝ። የሽንኩርቱን ሚዛን በኪሎ፣ መደብ በመደብ፣ ያልተረጨውን ከላይ አድርጋ እንድትጽፈው ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ «እሺ፣ ግን ዝናብ ጥሎ እንደነበርም ልጻፍ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቀኑን ሳይቀር» አልኳት።