ራስን መጥቀስ የቀዶ ሐኪሞችን ኤች-ኢንዴክስ ምን ያህል ያሳብጣል?

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማደግ ያቀረቡትን ማመልከቻ የሚመረምረው ኮሚቴ፣ የራስዎን ጽሑፎች የጠቀሱባቸውን ሳይቴሽኖች (ጥቅሶች) ቀንሰው ኤች-ኢንዴክስዎን፣ ማለትም የጽሑፎችዎን ብዛትና ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ አጣምሮ የሚለካውን ቁጥር፣ እንዲያሳውቁ ስለጠየቀዎት፣ ቁጥሩ ክፉኛ ያሽቆለቁል እንደሆነ ጠይቀዋል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን ስመረምር እንዳየሁት ቁጥሩ በአብዛኛው እምብዛም አይወርድም፤ ሆኖም ብዙ ላሳተመ አንጋፋ ሐኪምና ለጀማሪ ነገሩ አንድ አይደለም።

ኤች-ኢንዴክስን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው የፊዚክስ ሊቅ ሆርሄ ሂርሽ፣ ራስን መጥቀስ ከኤች-ኢንዴክስ ይልቅ ጠቅላላውን የሳይቴሽን ቁጥር እንደሚያሳብጥ በዚያው ጽሑፉ ጠቁሟል። ኤች-ኢንዴክስዎ 7 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 7 ጊዜ የተጠቀሱ 7 ጽሑፎች አሉዎት ማለት ስለሆነ፣ 40 ጊዜ የተጠቀሰውን ጽሑፍዎን ሌላ 20 ጊዜ ቢጠቅሱት ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። በአንጻሩ ስድስቱ ጽሑፎችዎ ከ7 በላይ ሳይቴሽን ኖሯቸው ሰባተኛውና ስምንተኛው 7፣ 7 ላይ የቆሙ ከሆነ፣ እነዚህን ሁለቱን አንድ አንድ ጊዜ መጥቀስ ብቻ 8 ያደርስዎታል። ከ30 ወደ 31 ለመሻገር ግን 31 ጽሑፎች እያንዳንዳቸው 31 ሳይቴሽን ሊኖራቸው ይገባል። ስለዚህ ኮሚቴዎች የሚወዱት፣ እኔ ግን ብዙም የማልወደው፣ «ከጠቅላላው ስንት በመቶው የራሱ ነው» የሚለው ጥያቄ፣ ጥቂቶቹ ሳይቴሽኖች የት ላይ እንዳረፉ ይሰውራል።

ከዚህ የሚበልጠው ችግር «ራስ» የሚባለው ማን ነው የሚለው ነው። በቀዶ ሕክምና አንድ ጽሑፍ ላይ የብዙ ሰው ስም ይሰፍራል፤ ሬዚደንት (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) ሆኖ አብሮዎት የጻፈ ሰው በኋላ ያለ እርስዎ በሚያሳትመው ሥራ ያንን የጋራ ጽሑፍ ቢጠቅስ፣ በእርስዎ ስም ብቻ ሲቀነስ ሳይቴሽኑ ይቀራል፣ በሁሉም ጸሐፊዎች ስም ሲቀነስ ግን ይወጣል። ሳይቴሽኖችን ከሚቆጥሩት የመረጃ ቋቶች ስኮፐስ ሁለቱንም አማራጮች ይሰጣል፤ ጉግል ስኮላር ደግሞ የሚቀንስበት መንገድ የለውም። ኮሚቴው የትኛውን እንደፈለገ ሳይጠይቁ ቁጥር አይላኩ።

ራስን መጥቀስ ሁሉ ማጭበርበር እንዳልሆነም ይታወቅ። የአንድ ዓመት ውጤት ያሳተመ ሐኪም የእነዚያኑ ታካሚዎች የአምስት ዓመት ውጤት ሲያቀርብ የመጀመሪያውን ባይጠቅስ ነው የሚያስወቅሰው፤ የቀዶ ሕክምናውን ስልት አስቀድሞ በዝርዝር የገለጸ ሰውም እንዲሁ። የሚያጠራጥረው ከርዕሱ ጋር ግንኙነት የሌላቸው የቆዩ ጽሑፎች በመግቢያው ላይ በጅምላ ሲደረደሩ ነው።

በመቀነስ የማይጠፋ ውጤትም አለ። በኖርዌይ ሳይንቲስቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ እያንዳንዱ ራስን መጥቀስ በአሥር ዓመት ውስጥ ከሌሎች ከሚመጡ ከ3 በላይ ተጨማሪ ሳይቴሽኖች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። እነዚያ የሌሎች ሰዎች ስለሆኑ የትኛውም ማጣሪያ አያወጣቸውም።

እርስዎ ግን ሁለቱንም ቁጥሮች፣ ሳይቀነስና ተቀንሶ ያለውን፣ ከአንድ የመረጃ ቋት በአንድ ቀን አውጥተው ቀኑንና የአቀናነሱን ዓይነት ጽፈው ያቅርቡ። ልዩነቱ ከፍ ካለና ምክንያቱ የክትትል ጥናት ከሆነ፣ ተከታታይ ጽሑፎቹን በስማቸው የሚጠቁም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ።