መልስ፦ ከባህል ትርኢቱ በኋላ ሰዉ ለውይይት እንዲቆይ ምን እናድርግ?

ትርኢቱ ላይ አዳራሹ በተማሪ ይሞላል፣ ውይይቱ ሲጀመር ግን ሰዉ ውልቅ ይላል ብለሃል። እኛም ጋ ያው ነበር።

ጥፋቱ የተማሪው አይመስለኝም። ሁለት ሰዓት ሲያጨበጭብ የቆየ ሰው፣ አምስት ተናጋሪ መድረክ ላይ ተደርድሮ ሲያወራ ለምን ይጠብቃል? ውይይቱን መጨረሻ ላይ አትለጥፈው። በሁለት ትርኢቶች መሀል አስገባው። የጨፈሩትም ልጆች ወርደው ከተመልካቹ ጋር ይቀመጡ።

አቀማመጡን «ወርልድ ካፌ» በሚባለው መንገድ ሞክረው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረ ነው። በየጠረጴዛው አራት ወይም አምስት ሰው ሆኖ 20 ደቂቃ ያህል ያወራል። ከዚያ አንዱ እንደ አስተናጋጅ ይቀርና ሌሎቹ ወደተለያየ ጠረጴዛ ይበተናሉ። የቀረው ለአዲሶቹ የቀደመውን ጨዋታ በአጭሩ ይነግራቸዋል። ማይክ የሚፈራው ልጅ እንኳ እዚህ አፉን ይፈታል።

ጥያቄው ላይ ግን ተጠንቀቅ። «ስለ ባህልህ ንገረን» ስትለው አንዱን ምስኪን የሕዝቡ ሁሉ አምባሳደር ታደርገዋለህ። «እናንተ ቤት እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚነሳው ማነው?» በለው፣ የራሱን ያወራል።

አዘጋጆቹም ከተለያየ ባህል የተቀላቀሉ ይሁኑ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው፣ መገናኘት ብቻውን ጥላቻን አይቀንስም። እኩልነት፣ የጋራ ግብ፣ ትብብርና የተቋሙ ድጋፍ ይፈልጋል። አብሮ ወንበር መደርደርም አንዱ ትብብር ነው።

ቀን ካልቆረጣችሁ፣ ግንቦት 13 የዓለም የባህል ብዝኃነት ቀን ነው። ፈተና ላይ ካልወደቀባችሁ ማለቴ ነው።