ባንኮኒው ክፍት ነው፦ ስለ ድሮ የካርድ ሱቆች ጥያቄና መልስ

ባለባንኮኒው፦ እሺ፣ ጀምሩ። ርእሱ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በየሰፈሩ የነበሩት፣ የተጫዋቾች ምስል የታተመባቸውን የቤዝቦልና የባስኬት ካርዶች የሚሸጡ ሱቆች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ልበል። ካርድ አታጽዱ። ዋጋ የምትጠይቁ ከሆነ ዓመቱን፣ ካርዱን ያተመውን ድርጅት (ቶፕስ፣ ፍሊር፣ ዶንረስ)፣ የካርዱን ቁጥርና የአራቱን ጫፎች ሁኔታ ጻፉ። ዋጋ ማለት ደግሞ የተሸጠበት ነው፤ ኢቤይ ላይ ሰው የለጠፈው ምኞት አይደለም። ስለ ሰም ፓኬት፣ ማለትም ሰም በተቀባ ወረቀት ስለተጠቀለለው የካርድ እሽግ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ጠይቁ።

ሰላም ዘአሌክሳንድሪያ፦ ልጆቼ ካርድ የሚያውቁት በስልክ ከሚያዩት ቪዲዮ ነው። የዚያን ጊዜ ሱቅ ውስጡ ምን ይመስል ነበር? ምኑ የት ይቀመጣል?

ባለባንኮኒው፦ ጥሩ ጥያቄ። ከፊት የመስታወት ባንኮኒ አለ። ውስጡ ውድ ውዶቹ ካርዶች ቶፕሎደር በሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ተከተው፣ ዋጋቸው በትንሽ ተለጣፊ ተጽፎ ይደረደራሉ። ባንኮኒው ላይ የተከፈቱ የፓኬት ሳጥኖች ይቀመጣሉ፤ የሳጥኑ ክዳን ወደ ኋላ ታጥፎ ሲቆም ራሱ ማስታወቂያ ይሆናል። በአንድ ሳጥን 36 ፓኬት አለ። በ1987 አንድ የቶፕስ ፓኬት 40 ሳንቲም ነበር፤ ውስጡ 17 ካርድና አንድ ማስቲካ።

በግድግዳው በኩል ረጃጅም ነጭ የካርቶን ሳጥኖች ነበሩ፣ 800 ካርድ ከሚይዘው ጀምሮ 5,000 እስከሚይዘው። እዚያ ያሉት «ኮመን» ይባላሉ፤ ስም የሌላቸው ተጫዋቾች፣ በዓመትና በቁጥር ተራ የተደረደሩ። ልጁ የጎደሉትን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ ይመጣና ቆሞ ይለቅማል። ለምን መሰላችሁ? የ1987 ቶፕስ ሙሉ ስብስብ 792 ካርድ ነው። አንድ ሳጥን ሙሉ ቢገዛ 36 ጊዜ 17፣ 612 ካርድ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ከዚያ ላይ ተደጋጋሚው ይቀነሳል። ስለዚህ ያለ ኮመን ሳጥን ስብስብ አይሞላም። ልጆቹን በየሳምንቱ የሚያመላልሳቸው መስታወቱ ውስጥ ያለው ውድ ካርድ ሳይሆን ያ ነጭ ሳጥን ነበር።

ካልኩሌተር፦ ቤኬት ላይ 20 ዶላር የሚለውን ካርድ ባለሱቁ ለምን በ5 ዶላር ይገዛ ነበር? ይዘርፉን ነበር ማለት ነው?

ባለባንኮኒው፦ አልዘረፏችሁም፤ መጽሔቱን አላነበባችሁትም። ቤኬት በ1984 በስታቲስቲክስ ምሁሩ በጀምስ ቤኬት የተጀመረ ወርኃዊ የዋጋ መጽሔት ነው። ከእያንዳንዱ ካርድ ጎን ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋ ተቀምጧል። ሁለቱም ሱቅ የሚሸጥበት ነው፣ የሚገዛበት አይደለም። ዋጋው የተቆረጠውም ጫፉ ስል ለሆነ፣ ገጹ ላልተጫረ ካርድ ነው። ባለሱቁ ያንን ካርድ መስታወት ውስጥ አስቀምጦ ኪራይ እየከፈለ ነው ገዢ የሚጠብቀው። ከግማሽ በታች መስጠት የተለመደ ነበር፤ ኮመን ደግሞ ከነጭራሹ አይገዛም። መጽሔቱ ላይ ዋጋው ጨምሯል የምትለውን፣ ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት አይቶ የገዛ ልጅም ብዙ ጊዜ ዘግይቷል፤ መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ገብቶ ሱቅ እስኪደርስ የተጫዋቹ ትኩሳት በርዷል።

የእናቴ ቤዝመንት፦ ጋሼ ሰላም። ቤዝመንት ውስጥ ብዙ የድሮ ካርዶች አግኝቻለሁ። ስንት ያወጣሉ?

ባለባንኮኒው፦ ዓመት? ድርጅት? ቁጥር? ጫፍ?

ጉርድ ሾላ፦ ያልተከፈተ የ1986 ፍሊር ባስኬት ፓኬት ሊሸጥልኝ የሚፈልግ ሰው አለ። ተከፍቶ እንደገና አለመታሸጉን በምን አውቃለሁ?

ባለባንኮኒው፦ በመጨረሻ! ወንበር ሳቡ።

መጀመሪያ ሰው ለምን እንደሚያጭበረብር እንወቅ። በዚያ ፓኬት ውስጥ 12 ካርድ፣ 1 ስቲከርና 1 ማስቲካ አለ፤ ስብስቡ 132 ካርድ ነው። በሳጥን 432 ካርድ ስለሚኖር በአማካይ ሦስት የማይክል ጆርዳን ካርድ (ቁጥር 57) ይገኛል። ፓኬቱን ከፍቶ ጆርዳንን አውጥቶ ኮመን ከቶ መልሶ ለሚዘጋ ሰው ትርፉ ከባድ ነው። መዝጋቱ ደግሞ ቀላል ነው። መጠቅለያው ሰም የተቀባ ወረቀት ስለሆነ ሙቀት ሲነካው ይላቀቃል፣ ሙቀት ሲነካው ይጣበቃል። ካውያ ይበቃዋል።

አሁን ፓኬቱን ገልብጡት። ጀርባው ላይ ጫፎቹ የተደራረቡበትን ቦታ መብራት በጎን እያበራችሁ እዩ። የፋብሪካው ሙቀት ሰሙን በአንድ ልክ ነው ያቀለጠው፤ ዳርቻው ለይቶ ይታያል። በካውያ የተዘጋው ደመና የመሰለ፣ ከመዝጊያው አልፎ የፈሰሰ ጉም ይኖረዋል። ቀጥሎ የታጠፈበትን መስመር ተመልከቱ። ያልተነካ ፓኬት በየእጥፋቱ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ተከፍቶ ከታጠፈ ከመጀመሪያው አጠገብ፣ በአንድ ሚሊሜትር ልዩነት እንኳ ቢሆን፣ ሁለተኛ መስመር ይወጣል። ይሄ ነው ብዙዎቹን የሚያጋልጣቸው፤ ሰም ይቀልጣል እንጂ የወረቀት እጥፋት አይጠፋም። ከዚያ በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ያዙት። ካርዶቹ እንደ አንድ ጡብ ቀጥ ብለው መቀመጥ አለባቸው። ከነፋ ወይም ከተንሸዋረረ ተጠራጠሩ። ማስቲካው መሰባበሩ ግን ማስረጃ አይደለም፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ማንኛውም ማስቲካ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል።

አንድ ቀን ከከፈታችሁት ደግሞ ሁለት ምልክት ፈልጉ፦ ማስቲካውን የነካው ካርድ ላይ ቡናማ እድፍ፣ በመዝጊያው በኩል ያለው ካርድ ላይ የሰም እድፍ። ሁለቱም ከሌሉ ተጠራጠሩ።

ሳጥን በፕላስቲክ መሸፈኑ ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። አብዛኞቹ የ1980ዎቹ የሰም ሳጥኖች ከፋብሪካ ሲወጡ በፕላስቲክ አይታሸጉም ነበር፤ የፕላስቲክ ማሸጊያ ማሽን ማንም መግዛት ይችላል። ስለዚህ ሳጥን የሚገዛ ሰው ቤዝቦል ካርድ ኤክስቼንጅ የሚባለው ድርጅት መርምሮ በራሱ ምልክት የጠቀለለውን ይግዛ፣ ወይም አይግዛ።

ጉርድ ሾላ፦ ሻጩ «ከድሮ ሱቅ ተዘግቶ የቀረ ነው» ይላል።

ባለባንኮኒው፦ ሁሉም እንደዚያ ይላሉ። እጥፋቱን እይ።

ሰባተኛ ኢኒንግ፦ ዶንረስ ፓኬት ውስጥ ማስቲካ ቀርቶ የሚገጣጠም ሥዕል ቁራጭ ለምን ነበር?

ባለባንኮኒው፦ የፍርድ ቤት ነገር ነው። ቶፕስ በቤዝቦል ካርድ ለብዙ ዓመታት ብቻውን ነበር። በ1980 ፍሊር ከስሶ ረታ፣ በ1981 ፍሊርና ዶንረስ ከነማስቲካቸው ገበያ ገቡ። በዚያው ዓመት የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ገለበጠው። የቶፕስ ብቸኛ መብት ግን የቤዝቦል ካርድን ለብቻው ወይም ከማስቲካ ጋር መሸጥን ነበር የሚመለከተው። ስለዚህ ፍሊር በማስቲካው ፋንታ ስቲከር ከተተ፣ ዶንረስ ደግሞ ከ1982 ጀምሮ የሥዕል ቁራጭ፣ የመጀመሪያው የቤብ ሩት። ልጆቹ ያንን ቁራጭ ሱቁ ወለል ላይ ነበር የሚጥሉት። ቶፕስ ራሱ ማስቲካውን እስከ 1991 ድረስ ቀጥሎ በ1992 ተወው፤ ሰብሳቢው እድፉ ሰልችቶት ነበር።

እማማ ሎሚ፦ ልጄ በ1993 የሰበሰባቸው የሚያብረቀርቁ ካርዶች እንደ ድንጋይ አንድ ላይ ተጣብቀዋል። በቢላ ልለያያቸው?

ባለባንኮኒው፦ ኧረ እማማ፣ ቢላውን ያስቀምጡት! የሚያብረቀርቀው ሽፋን ነው በእርጥበትና በክብደት የተጣበቀው። ከጥግ ይዘው አይላጡ፤ የአንዱ ቀለም ከሌላው ጀርባ ላይ ይቀራል። ሙሉውን እሽግ በሁለት እጅ ይያዙና በጣም በትንሹ ወደ አንድ ወገን፣ ከዚያ ወደ ሌላው ያጉብጡት። ጠቅ የሚል ድምፅ ሲሰሙ ሁለቱ ተለያይተዋል። ድምፅ ካልሰጠ አይግፉ፤ ይተዉት። ሲለያዩ አንድ አንዱን በስስ ፕላስቲክ ይክተቱ፣ ከቤዝመንት ያውጡ፣ ከ40 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ያለው ክፍል ይበቃል። በላስቲክ አይጠፍሯቸው። አያጽዱም።

ሰባተኛ ኢኒንግ፦ «አታጽዱ» የሚለው ነገር ተጋነነ። የሰም እድፍ በሴቶች ስቶኪንግ ቀስ ብሎ ሲታሽ ይለቃል፣ ሁሉም ያውቃል።

ካልኩሌተር፦ ያ እኮ ማጭበርበር ነው።

ሰባተኛ ኢኒንግ፦ ሰም ከፋብሪካ የመጣ ቆሻሻ ነው፣ ማንሳቱ ምን ማጭበርበር አለው? ቀለም አልጨመርኩ፣ ጠርዝ አልቆረጥኩ።

ካልኩሌተር፦ ዛሬ ስቶኪንግ፣ ነገ መቀስ።

ባለባንኮኒው፦ በቃ። ስቶኪንግ ፊቱ ላይ ያለውን ሰም ያነሳል፣ እውነት ነው። ጀርባው ያልተለበጠ ወረቀት ስለሆነ ሰሙ ወደ ውስጥ ሰርጓል፣ አይለቅም፤ ማስቲካ ከሆነም አይለቅም። ይሄን ልዩነት የሚያውቅ ሰው እኔን አይጠይቅም፣ የማያውቅ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ይጀምራል። ስለዚህ አሁንም፦ አታጽዱ።

ስታር 101፦ ስለ ጆርዳን ስትጽፍ ፍሊሩን ሩኪ፣ ማለትም የተጫዋቹ የመጀመሪያ ካርድ፣ እንዳታስመስል። በ1984-85 ስታር የሚባለው ድርጅት ቁጥር 101 አውጥቶለታል።

ካልኩሌተር፦ ስታር በፓኬት አልተሸጠም፣ በቡድን ተጠቅልሎ በነጋዴ በኩል ነው የወጣ። ሩኪ ፓኬት ይፈልጋል።

ስታር 101፦ ይሄን ሕግ ማን አወጣው? እንደዚያማ ከሆነ የቤዝቦል ተጫዋቹን የሚኪ ማንትልን የ1952 ቶፕስ ሩኪ የሚሉትን ምን ልትላቸው ነው? ከዚያ በፊት ቦውማን የሚባለው ድርጅት በ1951 ያወጣለት አለው እኮ።

ባለባንኮኒው፦ የማንትል ሩኪ የ1951 ቦውማን ቁጥር 253 ነው። የ1952 ቶፕስ ቁጥር 311 ውድ የሆነው ቀዳሚ ስለሆነ አይደለም፤ ዘግይቶ የወጣው ክፍል ሳይሸጥ ቀርቶ ቶፕስ በ1960 የተረፈውን በጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውስጥ ስለጣለው ነው። በ2022 አንዱ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የጆርዳኑን ክርክር ሌላ ቦታ ቀጥሉ።

ጉርድ ሾላ፦ ፓኬቱን ተውኩት። አሁን ያው ሰውዬ ለብቻው የጆርዳን ፍሊር አለኝ አለ።

ባለባንኮኒው፦ ገምቼ ነበር። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዝ። በእውነተኛው ካርድ ላይ ፎቶው በነጠብጣብ የታተመ ነው፣ ፊደሎቹ ግን ድፍን ቀለም ናቸው፣ ጠርዛቸው የተቆረጠ ይመስላል። ሐሰተኛው ከሌላ ካርድ ተቃኝቶ ስለሚታተም ፊደሎቹም ነጠብጣብ ይሆናሉ። ከዚያ ከዚሁ ከ1986 ፍሊር ርካሽ ኮመን ግዛና ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፦ የወረቀቱ ውፍረት፣ የጀርባው ቀለም፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚሰጠው መልክ። መጠኑንም ለካ፣ 2.5 በ3.5 ኢንች ነው። ካጠረ ተቆርጧል። ሰውየው መነጽር ስታወጣ ከተቆጣ መልሱን አግኝተሃል።

ፓኒኒ ነኝ፦ የእግር ኳስ አልበሞችስ? እነሱም እኮ ልጅነት ናቸው።

ባለባንኮኒው፦ እነሱ ስቲከር ናቸው። የኔ ጉዳይ አይደለም።

ሰላም ዘአሌክሳንድሪያ፦ እሱ ባይመልስም፦ ፓኒኒ በ1961 ጣሊያን ሞዴና ውስጥ ተመሠረተ፣ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ አልበሙ የ1970 ሜክሲኮ ነው። የማራዶና ሩኪ የሚባለውም የ1979-80 የፓኒኒ ስቲከር ነው፣ ስለዚህ ስቲከር አትናቁ።

ባለባንኮኒው፦ አልናቅሁም። የኔ ጉዳይ አይደለም አልኩ እንጂ።

የእናቴ ቤዝመንት፦ ጋሼ፣ ጽፌ መጥቻለሁ። 1988 ዶንረስ፣ 1990 ቶፕስ፣ 1991 ቶፕስ፣ አራት ትልልቅ ሳጥን። ጫፋቸው ደህና ነው።

ባለባንኮኒው፦ አሁን መነጋገር እንችላለን። ከ1987 እስከ 1993 አካባቢ የታተመው ከሚፈለገው እጅግ በላይ ነበር፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ለልጁ ትምህርት ቤት ይሆናል ብሎ አስቀመጠው፤ ስለዚህ ዛሬም አለ። አብዛኛው ሳጥንህ የሚያወጣው የፖስታውን ያህል አይሆንም። ግን ከመጣልህ በፊት ሁለት ነገር ለይ። በ1990 ቶፕስ ቁጥር 414ን አውጣ፣ ፍራንክ ቶማስ ነው፤ ከፊት ስሙ ሳይታተም የቀረ አለ፣ እሱ ብርቅ ነው። በ1991 ቶፕስ ደግሞ ፊቱ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው የጋሻ ማህተም ያለበት ካለ ለይተህ አስቀምጥ፤ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ለነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች የተላከ ነው። ማህተሙን በተራ ካርድ ላይ የሚመቱ አሉና ለባለሙያ አሳይ። 1988 ዶንረሱን ለልጆች ስጥ።

ሰባተኛ ኢኒንግ፦ የቢሊ ሪፕከኑንስ አትነግረውም?

ባለባንኮኒው፦ እሱ 1989 ፍሊር ቁጥር 616 ነው፣ የቤዝቦል ዱላው እጀታ ላይ ስድብ የተጻፈበት። ፍሊር በጥቁር ሣጥንም፣ በመሞነጫጨርም፣ በነጭ ቀለምም ሸፍኖታል፤ ተፈላጊው ነጩ ነው። ግን ልጁ 1989 የለውም። የጻፈውን አንብብ።

የእናቴ ቤዝመንት፦ 414ን አገኘሁት! አላጸዳሁትም።

ባለባንኮኒው፦ ከፊት ስሙ አለ?

የእናቴ ቤዝመንት፦ አለ።

ባለባንኮኒው፦ እሱ የተለመደው ነው። ስስ ፕላስቲክ አልብሰውና ወደ ሳጥኑ መልሰው።