ስለ ካሜራ ሬዲው ለጠየቁን፦ ፊደላቱን በሥዕል አይተኩ

ጤና ይስጥልኝ። በአማርኛ የእጅ ጽሑፍ ንባብ ላይ የሠሩት ጽሑፍ በአንድ የአይ ትሪፕል ኢ (የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር) ኮንፈረንስ ተቀባይነት ማግኘቱን፣ ካሜራ ሬዲ የሚባለው ለኅትመት የተዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ ግን ከማኅበሩ የፋይል መመርመሪያ ከፒዲኤፍ ኤክስፕረስ «ፎንት አልተካተተም» እየተባለ እንደሚመለስብዎት ጽፈዋል። ቀኑ ስለተቃረበም የግዕዝ ፊደላቱን በሥዕል ቢተኳቸው ወይም በላቲን ቢጽፏቸው ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ሁለቱንም እንዳያደርጉ እለምንዎታለሁ። እኔ በዚሁ ርዕስና በዚሁ ቴምፕሌት (ኮንፈረንሱ በሚሰጠው የአጻጻፍ ናሙና) ያለፍኩ ስለሆንኩ የገጠመዎት ነገር እኔን ከገጠመኝ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ስለ ሁለቱ ዓምድ፣ ስለ 10 ነጥቡ ታይምስ ኒው ሮማንና የገጽ ቁጥር መግባት እንደሌለበት አልነግርዎትም፤ እዚህ ከደረሱ ያንን አልፈውታል።

አንደኛ፣ ፎንቱን ራስዎ ይምረጡ፤ ለማይክሮሶፍት ወርድ አይተዉለት። በወርድ አማርኛ ሲጽፉ ከላይ ያለው ሳጥን ታይምስ ኒው ሮማን ቢልም፣ ታይምስ ኒው ሮማን የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ፕሮግራሙ ሳይነግርዎ ኒያላን ወይም ሌላ ያገኘውን ፎንት ይተካል። ኒያላ ደግሞ በዊንዶውስ 10 ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን እንጂ ከመጀመሪያው የሚገኝ አይደለም፤ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ የታየው ፊደል በአማካሪዎ ኮምፒውተር ላይ ሌላ መልክ የሚይዘው ወይም ባዶ ሳጥን የሚሆነው ለዚህ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉትን የአማርኛ ቃላት ሁሉ እየመረጡ አንድ የታወቀ ፎንት ይስጧቸው። እኔ የምመርጠው አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ ፈቃዱም በፒዲኤፍ ውስጥ መካተትን አይከለክልም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ይሆናል። አቢሲኒካ ቁመቱ ረዘም ስለሚል ፊደሉ ያለበትን መስመር ከሌሎቹ አርቆ ዓምዱን ያበላሸዋል፤ የፊደሉን መጠን ወደ 9 ዝቅ ማድረግና የአንቀጹን የመስመር ርቀት «ኤግዛክትሊ» በሚለው መወሰን ያስተካክለዋል። ወደ ፒዲኤፍ ሲቀይሩም «ሴቭ አዝ» ውስጥ ካለው «ኦፕሽንስ» ገብተው አይኤስኦ 19005-1 ወይም ፒዲኤፍ/ኤ የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ ይህ ፎንቶቹ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ እንዲካተቱ ያስገድዳል።

ከመመረቂያ ጽሑፍዎ የገለበጡት ምሳሌ ካለ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ያጣሩ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩትና እስከ አሁን በየጽሕፈት ቤቱ የሚሠራባቸው ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የጫኑ ናቸው። ስክሪን ላይ «ሰ» ሆኖ የሚታየው ፋይሉ ውስጥ የላቲን ፊደል ነው፤ ፈላጊ አያገኘውም፣ የመመሳሰል መመርመሪያውም ትርጉም የለሽ ቃል አድርጎ ያነበዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከፒዲኤፉ አንድ የአማርኛ ቃል ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። ያው ቃል ከወጣ ደኅና ነው፤ ዝብርቅርቅ ያለ ላቲን ከወጣ በዩኒኮድ እንደገና ይጻፉት።

በወርድ ፋንታ በላቴክ (በትእዛዝ በሚሠራው የጽሑፍ ማቀናበሪያ) የሚጽፉ ከሆነ በፒዲኤፍ ላቴክ ከግዕዝ ፊደል ጋር አይታገሉ፤ ላቴክ በኢንተርኔት በሚጻፍበት በኦቨርሊፍ ላይ ማቀናበሪያውን ወደ ዚላቴክ ቀይረው ለግዕዙ የተለየ የፎንት ትእዛዝ ያውጡለት። ሲቀይሩ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከታይምስ ወደ ሌላ መልክ ሊሸሽ ስለሚችል ዋናውን ፎንትም በግልጽ ይጥቀሱ፤ አለበለዚያ ስድስት ገጽ የነበረው ጽሑፍ ወደ ሰባተኛ ገጽ ይፈስስብዎታል፣ ለትርፍ ገጽ የሚያስከፍሉ ኮንፈረንሶች ደግሞ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ዋናው ጉዳይ ይህ ስለሆነ ረጋ ብለው ያንብቡት። ጥፋቱ በፊደላቱ ላይ ላይሆን ይችላል፤ የእኔ ፋይል ሲመለስ ጥፋተኛው ፊደሉ አልነበረም። ከላይ ያልኩትን ሁሉ አሟልቼ ሳለ ፒዲኤፍ ኤክስፕረስ አሁንም መለሰው፤ የኮንፈረንሱን የኅትመት ክፍል ብጠይቅ ደግሞ ያገኘሁት መልስ «ልዩ ምልክቶቹን አውጥተው በእንግሊዝኛ ፊደል ይተኩ፤ ጊዜ የለም» የሚል ነበር። ጽሑፌ ስለ ግዕዝ ፊደል መለየት ነው። በእጅ ሲጻፍ ነ ከኘ ጋር፣ ተ ከቸ ጋር፣ ጸ ከጰ ጋር ለምን እንደሚምታታ ለማሳየት አንባቢው ቅርጾቹን ጎን ለጎን ማየት አለበት፤ በላቲን ሲጻፉ በድምፅ እንጂ በቅርጽ ስለማይቀራረቡ የግኝቴ ግማሽ ይጠፋል። ይህን በትሕትና አብራርቼ ጻፍኩላቸው። የተመለሰልኝ መልስ ከፊተኛው አጭር ነበር፦ «ቴምፕሌቱን ይከተሉ።» ቴምፕሌቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በጽሑፉ አካል ውስጥ ከላቲን ሌላ ፊደልን የሚከለክል አንድም መስመር አላገኘሁበትም። ፒዲኤፍ ኤክስፕረስ የሚመለከተው ፎንቱ እንዴት እንደተካተተ ነው እንጂ የየትኛው ቋንቋ ፊደል እንደሆነ አይደለም። እነዚያ ሰዎች የፒዲኤፍ ኤክስፕረስን ሪፖርት ከፍተው ቢያነቡት ኖሮ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር፤ ከዚያ ይልቅ የማያውቁትን ፊደል ማስወጣት ቀለላቸው። ይህ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ምክንያቱን ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ አሁኑኑ እርስዎም ሊያደርጉት የሚችሉት ነው። ፒዲኤፉን በአዶቤ ሪደር ይክፈቱ፣ ከምናሌው ወደ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ፎንትስ» ወደሚለው ገጽ ይሂዱ። በፋይሉ ውስጥ ያሉት ፎንቶች በሙሉ ይዘረዘራሉ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ «ኢምቤድድ» ወይም «ኢምቤድድ ሰብሴት» (ተካትቷል ማለት ነው) የሚል መኖር አለበት። እኔ ዘንድ አቢሲኒካ አጠገብ ይህ ቃል በግልጽ ተጽፎ ነበር። ከዝርዝሩ ግርጌ ግን ደጃቩ ሳንስ የሚል እኔ ያልመረጥኩት ስም አለ፤ ዓይነቱ «ታይፕ 3» ይላል፤ ይህ በፒዲኤፍ ውስጥ ፎንት ከሚቀመጥባቸው መንገዶች አንዱ ነው። አይ ትሪፕል ኢ ታይፕ 3 ፎንትን አይቀበልም። የመጣውም የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እንደተምታታ ከሚያሳየው ኮንፊውዥን ማትሪክስ ነበር፤ በማትፕሎትሊብ (በፓይተን የግራፍ መሣያ) ነበር የሣልኩት፣ ማትፕሎትሊብ ደግሞ ካልነገሩት በስተቀር ግራፉን በፒዲኤፍ ሲያወጣ ፎንቱን በታይፕ 3 ያስቀምጠዋል። ታዲያ ጽሑፌን ሲያስመልሱ የነበሩት በሠንጠረዡ ሣጥኖች ውስጥ የተጻፉት 0፣ 1፣ 2 የሚሉ ተራ ቁጥሮች ነበሩ እንጂ አንድም የግዕዝ ፊደል አልነበረም። «ፒዲኤፍ ፎንትታይፕ» የሚለውን ቅንብር ከ3 ወደ 42 ቀይሬ፣ ለፊደላቱ ስያሜ ደግሞ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጠቅሼ (ደጃቩ ሳንስ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ስያሜዎቹን ባዶ ሳጥን ያደርጋቸዋል) ግራፉን እንደገና ባወጣው ፋይሉ ያለ ምንም እንከን አለፈ። ዛሬ ያ ጽሑፍ በአይ ትሪፕል ኢ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ከፍተው «ጸ» ብለው ቢፈልጉ ያገኙታል። በዚህ እኮራለሁ።

በሥዕል መተካትን የምቃወመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሥዕል በዓምዱ ስፋት ልክ ሲጨመቅ ይደበዝዛል፤ ከዚህ የሚብሰው ግን በፍለጋ የማይገኝ መሆኑ ነው። በአማርኛ ላይ የሚሠራ ቀጣይ ተመራማሪ የእርስዎን ምሳሌ ገልብጦ መሞከር ሲፈልግ አንድ በአንድ ሊተይበው ነው። ገምጋሚዎች ማንበብ አይችሉም የሚል ስጋት ካለዎት በሠንጠረዡ ውስጥ ፊደሉን፣ የላቲን አጻጻፉንና የእንግሊዝኛ ፍቺውን በሦስት ዓምድ ጎን ለጎን ያድርጓቸው፤ ማንም አይቸገርም።

ሦስተኛ፣ ስምዎ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲል እኛ የአባታችንን ስም እንሞላለን፤ በፓስፖርት ላይ ግን የአያት ስምም አብሮ ስለሚወጣ በጽሑፉ ላይ ያለው ስምና በግብዣ ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ሊለያዩ ነው። በጽሑፉ ላይ ከዚህ በፊት ያሳተሙበትን አጻጻፍ አንድም ፊደል ሳይለውጡ ይቀጥሉበት፣ ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥርም ይኑርዎት፤ የግብዣ ደብዳቤውን ሲጠይቁ ደግሞ በፓስፖርቱ ልክ እንዲጻፍልዎና የጽሑፉ አቅራቢ እርስዎ መሆንዎን እንዲገልጽ በግልጽ ይጠይቁ። ይህን ዛሬውኑ ይጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞንትሪያል በተደረገው የሰው ሠራሽ አእምሮ ኮንፈረንስ በኒውሪፕስ ላይ ብላክ ኢን ኤአይ የተባለው የጥቁር ተመራማሪዎች ስብስብ በሚያዘጋጀው ዐውደ ጥናት ሊሳተፉ የነበሩ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው መቅረታቸውን ያስታውሳሉ፤ የተሟላ ደብዳቤ ይዞም የሚከለከል አለና በስም መለያየት ተጨማሪ ምክንያት አይስጧቸው። መሄድ የማይቻል ከሆነም በኢንተርኔት ማቅረብ ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ይጻፉላቸው፤ አይ ትሪፕል ኢ ያልቀረበን ጽሑፍ ከኮንፈረንሱ በኋላ ከሥርጭት የማስቀረት መብት አለው።

የምዝገባ ክፍያው ነገር ከዚህ አይለይም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ጸሐፊ ሙሉ ክፍያ ካልከፈለ ጽሑፉ ወደ ፕሮሲዲንጉ (ወደ ኮንፈረንሱ የጽሑፎች ስብስብ) አይገባም፣ የክፍያው ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከካሜራ ሬዲው ቀን ጋር አንድ ነው። እኔ በምሠራበት ተቋም ፋይናንስ ክፍሉ ክብ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ካልመጣ አንከፍልም አለኝ። ኮንፈረንሱ የሚልከው ኮምፒውተር ያወጣው ደረሰኝ ነው፤ ማኅተም የለውም፣ ሊኖረውም አይችልም። ይህን ለማስረዳት ስመላለስ የቅናሹ ቀን አለፈ፤ ልዩነቱንም ተቋሙ አልከፈለልኝም። ከኃላፊዋ ጋር መከራከሩ ትርፉ ድካም ነበር፤ በመጨረሻ ውጭ አገር ያለ የሥራ ባልደረባ በካርዱ ከፈለልኝ፣ እኔ ደግሞ በኋላ አስመለስኩለት። እርስዎ ጋርም እንዲህ ያለ ክፍል እንደማይጠፋ እገምታለሁ፤ ስለዚህ የተቀባይነቱ ደብዳቤ በደረሰዎት ቀን ከኮንፈረንሱ አዘጋጆች የፊርማ ደብዳቤ ይጠይቁ፣ አብሮ ጸሐፊ ውጭ ካለዎት ደግሞ ምዝገባው በእርሱ ስም ይሁን።

ስለ ሰዓቱም ላስታውስዎ። ማስገቢያው «ኤኦኢ» የሚል ከሆነ የምድር መጨረሻውን የሰዓት ክልል ስለሚከተል ከአዲስ አበባ በ15 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ በእነርሱ የሌሊት 11:59 የተባለው በእኛ በማግሥቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ይሆናል። ይህን ባለማወቅ ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው ያልተስተካከለ ፋይል የሚያስገቡ አሉ፤ በማግሥቱ ጠዋት በሰከነ አእምሮ መጨረስ ይቻል ነበር።

ከመመረቂያ ጽሑፍዎ የተወሰደ ክፍል ካለ ለኮንፈረንሱ ሊቀመንበር አሁኑኑ በኢሜይል ይግለጹ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ ተቋማት የኤሌክትሮኒክ ማከማቻ ውስጥ ያለ ጽሑፍ በመመሳሰል ምርመራ ላይ ይወጣል፤ የራስዎ መሆኑን አስቀድመው ከተናገሩና በዋቢዎች ውስጥ ከጠቀሱት አያስጨንቅም፣ ተጠይቀው ሲመልሱ ግን ሌላ መልክ ይይዛል።

ፒዲኤፍ ኤክስፕረስ «አልፏል» ካለዎት በኋላ ሥራው አላበቃም። እርሱ ፋይሉን መርምሮ የሚያጸድቅ እንጂ ለኮንፈረንሱ የሚያስረክብ አይደለም፤ ያጸደቀውን ፋይል አውርደው መጀመሪያ ጽሑፉን ባስገቡበት ሥርዓት ላይ እንደገና መጫን አለብዎት። የቅጂ መብት ቅጹንም ይሙሉ፤ በዚያ የሚጻፈው ርዕስና የጸሐፊዎች ዝርዝር በፒዲኤፉ ላይ ካለው ጋር በፊደልም በቅደም ተከተልም አንድ መሆን አለበት። በመጀመሪያው ገጽ ግርጌ የሚገባውን የቅጂ መብት መስመር አዘጋጆቹ ይልኩልዎታል፤ እርሱን ካስገቡ በኋላ ፋይሉ ስለተለወጠ በፒዲኤፍ ኤክስፕረስ እንደገና ማሳለፍ አለብዎት። አሁን ግን ከሁሉ በፊት «ፎንትስ» የሚለውን ገጽ ይክፈቱና የሚያዩትን ዝርዝር እዚሁ ይጻፉልን፤ ታይፕ 3 ከየትኛው ግራፍ እንደመጣ አብረን እንፈልገዋለን።