መስመሩ በምን ይለቃል?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወጣት ልብስ ሰፊዎች ጋ ቁጭ ብዬ ነበር። ከስፌት የተረፈ ቁርጥራጭ ይገጣጥማሉ፤ መሃሉ ጥጥ ያስገባሉ፤ ከዚያ ድርቡን በመስመር በመስመር ይሰፉታል። ፈረንጆች ኪልት የሚሉት አልጋ ልብስ ነው። ጋቢ ለብሶ ላደገ ጎንደሬ የተደረበ ጨርቅ ብርቅ አይደለም። ስፌታቸው እጅ በአፍ ያስጭናል። ስፌቱ የሚከተለውን መስመር ያሰመሩት ግን በተራ እስክሪብቶ! ዝም ብዬ መሄድ አቃተኝ።

«በምን ላስምር?» ከማለታችሁ በፊት «በምን ይለቃል?» በሉ።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ጥር 9 ምሽት ነው። ነገ ከተራ ነው። ደንበኛዬ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ታቦት አጅባ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ልትወርድ ነው። ጥልፉን የነደፍኩት በውሃ በሚለቅ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነበር። ውሃ ደግሞ የለም፣ ጠፍታለች። «አሁን ልተኩሰው፣ ጠዋት አለቀልቀዋለሁ» አልኩ። ካውያው ሲያርፍበት ሰማያዊው ቡኒ ሆኖ ቁጭ አለ። ይህ ቀለም መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል። እሳት ከቀደመው አይለቅም፤ አንዳንድ የልብስ ሳሙናም ያጸናዋል። ውሃውን ደግሞ አትሰስቱ። ከላይ ውሃ እፍ እፍ ብቻ ካደረጋችሁበት ቀለሙ ወደ ጥጡ ይሰርግና ሲደርቅ ተመልሶ ይወጣል።

በአየር የሚጠፋው ሐምራዊ እስክሪብቶስ? በአንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ የለም። ለትንሽ ሥራ ይሁን። አልጋ ልብስ ላይ ግን ግማሹን ሳትሰፉ መስመሩ ጥሏችሁ ይሄዳል።

አሁን ወጣቱ የወደደው በካውያ የሚጠፋው እስክሪብቶ ነው። 60 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ሲያገኝ ይሰወራል። ይሰወራል እንጂ አይለቅም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መመለስ ይጀምራል። ጎንደር ላይ ማን ያየዋል? ግን ሥራችሁን የገዛው ሰው ካናዳ ይዞት ቢሄድስ? ጥቁር ጨርቅ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ዱካ ይተዋል።

እኔ ለጥቁርና ለደማቅ ጨርቅ ከሳሙና ስባሪ የሚበልጥ አላገኘሁም። ታጥቦበት ያለቀ፣ ነጭ፣ በደንብ የደረቀ። ጠርዙን በምላጭ ሳሉት፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይሰጣችኋል። ሲታጠብ ራሱ ሳሙና ነው፣ ምን ያስፈራል? የልብስ ሰፊ ጠመኔም መልካም ነው። ሰም ያለበት ግን ካውያ ሲነካው ቅባት ይተዋል። ቀይ ጠመኔን ነጭ ሸማ አጠገብ እንዳላይ! የቢሮ ካርቦንም ያው ነው፣ ቅባቱ አይለቅም።

ለነጭ ጥጥ ጨርቅ ምንም ቀለም ባትነኩ ይሻላል። ማስመሪያ አስደግፋችሁ የቢላ ጀርባ ጫን አድርጋችሁ ሳቡበት። ሰርጎድ ያለው መስመር እስክትሰፉት ይቆያል። ጃፓኖች ለዚሁ ብቻ የሚሆን መሣሪያ አላቸው፤ ሄራ ይሉታል። ለቀጥታ መስመር ቀለም ቀቢዎች የሚለጥፉት የወረቀት ፕላስተርም ያገለግላል። ሰፍታችሁ ስትነሡ ግን ንቀሉት፤ ካደረ ሙጫው ይቀራል።

ሁሉንም ከዚያው ጨርቅ በተረፈ ቁራጭ ሞክሩ። አስምሩ፣ ሥራው የሚፈጀውን ያህል ቀን አቆዩት፣ እጠቡት፣ ከዚያ ተኩሱት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ያ ቡኒ መስመር? ጥልፉን አንድ ጣት ያህል አስፍቼ ሸፈንኩት። ሌሊቱን ሙሉ ስጠልፍ አነጋሁ። ደንበኛዬ «አሳምረህ አበዛኸው» ብላ መረቀችኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።