የኮምፒውተር አቧራ ማጽጃ ውጭ አገር ከየት ይገኛል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። ለሥራ ወይም ለትምህርት ከአገር የወጡ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ከአቧራ የሚያጸዱበት ዕቃ አጥተዋል። የለመዱት ማጽጃ ሱቅ ውስጥ የለም። ካለም በማያነቡት ቋንቋ ተጽፎበታል። ተቀራራቢ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ሰብስቤ መልሳቸውን እነሆ ብያለሁ።

አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር። የለመዳችሁትን ዕቃ ከነማርካው ለማግኘት አትድከሙ። ሥራው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ አቧራውን ከተጣበቀበት የሚያላቅቅ ብሩሽ፣ ጠርጎ የሚያስወጣ ንፋስ፣ ምንም ሳይተው የሚደርቅ ፈሳሽ። እነዚህ በየአገሩ ይሸጣሉ። ኮምፒውተር ቤት ብቻ ስለምንፈልጋቸው ነው የምናጣቸው።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ከመጣሁ ገና ጥቂት ወራት ነው። ላፕቶፔን የማጸዳበት የአየር ስፕሬይ ፍለጋ ኮምፒውተር ቤቶችን ዞርኩ። የለም ይሉኛል። አንዳንዶቹ ምን እንደምፈልግም አልገባቸውም። የት ልሂድ?

መልስ፦ መጀመሪያ ካሜራ የሚሸጥበት ቤት ሂድ። ፎቶ አንሺዎች ከአቧራ ጋር የዕለት ተዕለት ትግል ስላለባቸው ዕቃው እነሱ ዘንድ አይጠፋም። ቀጥሎ የቢሮ ዕቃና የጽሕፈት መሣሪያ መደብር፣ ከዚያ የቀለምና የግንባታ ዕቃ መሸጫ፣ ከዚያ የመኪና ዕቃ ቤት ሞክር።

በአገሩ ቋንቋ መጠየቅ ይረዳል። ጀርመን ውስጥ ድሩክሉፍት ሽፕሬይ በል። ስፔን አይሬ ኮምፕሪሚዶ፣ ጣሊያን አሪያ ኮምፕሬሳ፣ ጃፓን ደግሞ ኤር ዳስታ ይሉታል። አነጋገሩ ካስቸገረህ ከኢንተርኔት ፎቶውን አውጥተህ ስልክህ ላይ አሳያቸው።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ብሆን ስፕሬዩን አልፈልግም። እዚያው ካሜራ ቤት ውስጥ በእጅ ሲጨመቅ ንፋስ የሚያወጣ የሌንስ ማጽጃ ላስቲክ አለ። እሱን ገዝቼ እወጣለሁ። ጋዝ የለውም፣ አያልቅም፣ አገር ስትቀይርም ያለ ጭንቀት ሻንጣህ ውስጥ ይገባል። ጉልበቱ እንደ ስፕሬዩ አይደለም። ስለዚህ ብሩሽ ጨምርበት። ጸጉሩ የለሰለሰ የቀለም ብሩሽ ይበቃል፤ ያልተነካ የሜካፕ ብሩሽም ይሆናል። የውስጡን ሰርኪዩት ቦርድ የምትነካ ከሆነ ግን የፕላስቲክ ጸጉር ያለውን ተው፤ ሲታሽ ቦርዱን ሊጎዳ የሚችል ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ለቦርድ ተብሎ የተሠራ ጸረ ስታቲክ ብሩሽ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ቤት ታገኛለህ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ላፕቶፑን አጥፋና ቻርጀሩን ንቀል። ኪቦርዱ ወደ መሬት እንዲያዘነብል አድርገህ ያዘው። በቁልፎቹ መካከል በብሩሹ እየጎረጎርክ ወዲያው ንፋስ ስጠው። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ብትነፋው አቧራው ከአንዱ ቁልፍ ሥር ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ አይወጣም። አፕልም አንዳንድ የማክቡክ ሞዴሎችን ወደ 75 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ ከግራ ወደ ቀኝ እየነፉ ማጽዳትን ይመክራል።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ልሄድ ነው። እዚያ እንዳላጣ ሁለት የአየር ስፕሬይና አንድ ጠርሙስ አልኮል ሻንጣዬ ውስጥ ልክተት?

መልስ፦ ተይው፣ አትክተቺ። ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ተራ አየር አይደለም። በግፊት ፈሳሽ የሆነ ጋዝ ነው። በብዛት የሚገኘው ዳይፍሎሮኤቴን የሚባለው ሲሆን በእሳት ይያያዛል። አውሮፓ ውስጥ የሚሸጡት አንዳንዶቹ ቡቴንና ፕሮፔን አላቸው፤ እነሱም እንደዚያው። ገላ ወይም ጸጉር ላይ ከሚረጩትና ከመድኃኒት ውጭ የሆነ ተቀጣጣይ ስፕሬይ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። ቀይ ዳይመንድ ውስጥ የእሳት ነበልባል ካየሽ ጉዳዩ አለቀ። ተቀጣጣይ አይደለም የሚል አረንጓዴ ምልክት ያለውንም ቢሆን አየር መንገዱን ሳትጠይቂ አትያዢ። 99 በመቶ የሆነው አልኮልም ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ እዚያው ደርሰሽ ግዢው።

ይዘሽ መሄድ የምትችዪው ብሩሽ፣ የላስቲኩን መንፊያ፣ ማይክሮፋይበር ጨርቅና ትንንሽ ካቻቪቴዎች ነው። ካቻቪቴውን የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጊው፤ ፍተሻ ላይ አትከራከሪበትም።

ጥያቄ፦ ስፕሬዩን አግኝቼ ስነፋ ነጭ በረዶ የመሰለ ነገር ኪቦርዱ ላይ ወጣ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ አያያዝህ ነው። ቆርቆሮውን ስታዘነብለው ወይም ስትገለብጠው ጋዝ መውጣቱ ቀርቶ ፈሳሹ ይወጣል። ዳይፍሎሮኤቴን የሚፈላው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ያረፈበትን ነገር ወዲያው ያቀዘቅዘዋል። ቆዳንም ያቃጥላል። ቆርቆሮውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ አትወዝውዘው፣ በአጭር በአጭሩ ንፋ። ቆርቆሮው እጅህ ላይ ሲቀዘቅዝ ጥቂት አሳርፈው።

ማሽኑ ጠፍቶ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሁን። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይተኛል። እንደጨረስክ ወዲያው አታብራው። ልጆችና ወጣቶች ባሉበት ቤት ስፕሬዩን ቆልፋችሁ አስቀምጡ። ሆን ብሎ ወደ ውስጥ የሳበው ሰው በመጀመሪያው ሙከራ እንኳ ልቡ ሊቆም ይችላል። ይህን አቅልላችሁ እንዳታልፉት አደራ እላለሁ።

ሌላ አገር የተገዛው ለምን የተለየ ሽታና ባሕርይ ይኖረዋል ብላችሁ ለጠየቃችሁ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ከ2018 ጀምሮ ምድርን የማሞቅ አቅማቸው ከፍ ያለ ጋዞች፣ ለደህንነት ወይም ለሕክምና ግድ ካልሆነ በቀር፣ እንዲህ ባሉ ስፕሬዮች ውስጥ ለገበያ አይቀርቡም። በእሳት የማይያያዘው 134ኤ የሚባለው ጋዝ ከነዚህ አንዱ ነው። በምትኩ የገቡት ብዙዎቹ ተቀጣጣይ ናቸው። ድሮ የምታውቁት ዓይነት መስሏችሁ አትዘናጉ፤ መለያውን እዩ።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ገብቼ አልኮል አልኳቸው፣ አንድ ጠርሙስ ሰጡኝ። ኪቦርዴን ስጠርግበት ቁልፎቹ ላይ ቅባት ነገር ቀረ። አልኮል ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። ብዙ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። አይሶፕሮፓኖልም ይባላል፣ ፕሮፓን 2 ኦልም ይባላል። ብሪታንያ ውስጥ ሰርጂካል ስፒሪት ብለው የሚሸጡት ግን ሌላ ነው። ቆዳ እንዳይደርቅ የጉሎ ዘይት ይገባበታል። ለእግር ጥሩ፣ ለኪቦርድ መጥፎ። አሜሪካ ውስጥ ራቢንግ አልኮል የሚባለውም አንዳንዱ አይሶፕሮፒል፣ አንዳንዱ ኢታኖል ነው። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል ደግሞ ግሊሰሪንና ማወፈሪያ ስላለው ጨርሶ አይሆንም።

መፍትሔው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ኬሚካል ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር አለው፤ ካስ ቁጥር ይሉታል። የአይሶፕሮፒል አልኮል 67-63-0 ነው። ቋንቋው ምንም ይሁን ምን ቁጥሩ አይቀየርም። ስልክዎ ላይ ጽፈው ለፋርማሲስቱ ያሳዩት፣ ወይም በኢንተርኔት ገበያ መፈለጊያው ላይ ያስገቡት። ቀጥሎ መጠኑን ይመልከቱ። 70 በመቶ ከሆነ የቀረው በብዛት ውሃ ነው፤ ለቁልፎቹ ላይኛ ገጽ ይበቃል። ለውስጥ ክፍልና ለኮንታክት (ኤሌክትሪክ የሚያገናኙት የብረት ነጥቦች) 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይምረጡ፤ ቶሎ ይደርቃል። ሽቶ ወይም ቀለም የገባበትን አይግዙ።

ፋርማሲ ካላገኙት የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ቤት፣ የቀለም መሸጫ ወይም የሕትመት ዕቃ መደብር ይጠይቁ። ጃፓን ውስጥ ፋርማሲዎች ውሃ የሌለው ንጹሕ ኢታኖል ይሸጣሉ፤ እሱም በጥንቃቄ ይሠራል።

አሁን የቀረውን ቅባት በትክክለኛው አልኮል ያነሱታል። ጨርቁን ወይም የጆሮ ጥጡን እርጥብ ያድርጉ እንጂ እንዲንጠባጠብ አይተዉት። ኪቦርዱ ላይ በቀጥታ አያፍስሱ። አልኮሉ በ12 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ እንኳ በብልጭታ የሚያያዝ ትነት ስላለው ምድጃና ሲጋራ አጠገብ አይጠቀሙ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ግን አጠገቡም አያድርሱ፤ የብዙ ኪቦርድ ቁልፎች የተሠሩበትን ፕላስቲክ ያሟሟዋል። ስክሪኑን ደግሞ አልኮል እንደሚችል አምራቹ ካልገለጸ በዲስቲልድ ውሃ ብቻ ይጥረጉት።

ጥያቄ፦ ቤት ባለው ቫኪዩም ክሊነር ልምጠጠው? ካልሆነ ጎሚስታ ቤት ወስጄ በኮምፕሬሰር ላስነፋው?

መልስ፦ ቫኪዩሙን ወለሉና ጠረጴዛው ላይ ለወደቀው አቧራ ተጠቀምበት። የተዘጋ ኪቦርድ ላይም ብዙ ችግር የለውም። የተከፈተ ኮምፒውተር ውስጥ ግን አታስገባው፤ የፕላስቲክ አፉ ስታቲክ ይሰበስባል። ኮምፕሬሰሩ ደግሞ ውሃና ዘይት አብሮ ሊተፋ ይችላል፣ ግፊቱም ከልክ በላይ ነው። ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ ጃፓን ሳለሁ የገዛሁት በኤሌክትሪክ የሚሠራ መንፊያ አለኝ። አሁን ያለሁበት አገር 230 ቮልት ነው። ማስተላለፊያ ሶኬት ገዝቼ ልሰካው?

መልስ፦ እንዳትሰኪው። ጃፓን 100 ቮልት ነው። ተራው ማስተላለፊያ የሚቀይረው የሶኬቱን ጥርስ ብቻ ነው፤ ቮልቱ እንዳለ ያልፋል። ሞተሩ ወዲያው ይቃጠላል። መለያው ላይ «100-240» የሚል ካለ ብቻ ነው የትም የሚሠራው። እንዲህ ያሉ ትልልቅ መንፊያዎች አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ አገር ቮልት የተሠሩ ናቸው።

ከአገር አገር ለሚዘዋወር ሰው በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረገው ይሻላል። ስልክሽ ቻርጅ በሚሆንበት ሁሉ እሱም ይሆናል። ባትሪውን ግን አስቢበት። አውሮፕላን ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዢው። 7.4 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት ከሆነ 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ያልፋል። ከመሣሪያው የወጣ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይሄድም።

በዚህ መንፊያ ስትሠሪ የጠፋውን ኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ፋን በጣትሽ ወይም በስቴኪኒ ያዥው። ንፋሱ ፋኑን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ካሽከረከረው መሽከርከሪያው ይጎዳል። ድምፁ ደስ ስለሚል ብዙ ሰው ሆን ብሎ ያስፈተልከዋል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ይግላል፣ ፋኑ ይጮኻል። በስፕሬይ ደጋግሜ ነፋሁት፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ከውጭ ስለነፋህ ነው። ፋኑ ከታች አየር እየሳበ ሂት ሲንክ በሚባለው ቀጫጭን የብረት ክንፍ መሃል ይገፋዋል። አቧራው የሚቀረው በፋኑና በክንፎቹ መካከል ነው። ውሎ አድሮ ተጠቅጥቆ ግራጫ የጨርቅ ቁራጭ ይመስላል። ጣትህ ብትነካው አይበተንም፤ አንድ ላይ ተያይዞ ይነሳል። ከውጭ ስትነፋው ይህ ቁራጭ ቢላቀቅ እንኳ መውጫ ስለሌለው ወደ ፋኑ ተመልሶ ይተኛል።

የሚወጣው የታችኛው ክዳን ሲከፈት ነው። የብዙ ላፕቶፖች ብሎን ትንሹ መስቀል ካቻቪቴ ወይም ቲ5 የሚባለው ባለ ስድስት ጥርሱ ይፈታዋል። የማክቡክ ክዳን አምስት ቅጠል ያለው የራሱ ካቻቪቴ ይፈልጋል። ስልክ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን የትንንሽ ካቻቪቴ ስብስብ ግዛ። ብሎኖቹ ቁመታቸው ሊለያይ ስለሚችል ወረቀት ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሥለህ እያንዳንዱን በየቦታው አስቀምጥ። ክዳኑ እንደተከፈተ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ንቀል። ከዚያ የፋኑን ብሎኖች ፈትተህ ቁራጩን በወረንጦ ቀስ ብለህ ሳበው። የቀረውን በብሩሽ፣ ከዚያ በንፋስ።

ሂት ሲንኩን ከፕሮሰሰሩ ላይ አታንሳው። ካነሳኸው በመሃል ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ቴርማል ፔስት የሚሉትን፣ አጽድተህ አዲስ መቀባት አለብህ። ፔስቱ እጅህ ላይ ከሌለ እዚያ አትድረስ። ዋስትናህ ካላለቀ ደግሞ ከመክፈትህ በፊት የዋስትና ወረቀቱን አንብብ።

ጥያቄ፦ እንደ ሊጥ የሚለጠጠው የኪቦርድ ማጽጃ ጄል ይሠራል?

መልስ፦ ላይ ላዩን ያነሳል። ሲያረጅና ሲሞቅ ግን በቁልፎቹ መሃል ቁራጩ ይቀራል። ላፕቶፕ ላይ አልመክርም።

ጥያቄ፦ ሜካኒካል ኪቦርድ አለኝ። ቁልፎቹን ነቅዬ ማጠብ እፈልጋለሁ። ምን ልግዛ?

መልስ፦ ከሽቦ የተሠራውን የቁልፍ መንቀያ ግዛ። የፕላስቲክ ቀለበት የሚመስለው መንቀያ የቁልፎቹን ጎን ይፍቃል። ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ። ስፔስ፣ ኢንተርና ሺፍት ከሥራቸው ሽቦ ሊኖራቸው ስለሚችል በኃይል አትሳባቸው፤ በሁለቱም ጎን ተራ በተራ ከፍ አድርግ። ቁልፎቹን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ሳሙና እጠባቸው፣ ፈልቶ የወረደ ውሃ አታድርግ። ከዚያ በጀርባቸው ገልብጠህ ፎጣ ላይ አሳድራቸው። መሃላቸው ያለው ቀዳዳ ውሃ ይይዛልና ከመግጠምህ በፊት አንዱን አንስተህ ጨርቅ ላይ አራግፈው። ጠብታ ካየህ ሌላ ግማሽ ቀን ጠብቅ።

ላፕቶፕ ላይ ይህን አትሞክር። ቁልፎቹን የያዙት ቀጫጭን ፕላስቲኮች አንዴ ከተሰበሩ ብዙ ጊዜ ኪቦርዱን በሙሉ መቀየር ይጠይቃል።